ወፍራሙን የምትችል መኪና

በፎገራ ሜዳ ለቤቱ የስፌት መኪና የሚገዛ ሰው ምን ምኗን ይመልከት?

በዚሁ ሜዳ ያለችው ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አስፋልት መሐል ለመሐል ያልፍባታል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወጣውም ከዚሁ ይገነጠላል። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ፣ ከሻይ ቤቱና ከሩዝ ወፍጮው መካከል፣ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ ሰው አይታጣም። ሥራው እንደ ወራቱ ነው። ጳጉሜንና መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ለጥምቀትና ለፋሲካ የሐበሻ ቀሚስ ይመጣል። ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገንዘብ ኪስ ሲገባ ደግሞ የሠርግ ልብስ ይደራል። ጨርቁ ቀጭን ሲሆን መኪናዋ ሳታቋርጥ ትንጣጣለች። ድምፅዋ የሚለወጠው ወፍራም ነገር ሲመጣ ነው፤ ገበር ያለው ካፖርት፣ የካህን ካባ፣ ወይም ጥጥ የተጠቀጠቀበት የአልጋ ልብስ። ያኔ ሰፊው ፔዳሉን ለቀቅ ያደርግና በቀኝ እጁ መዘውሩን እየገፋ መርፌዋን አንድ በአንድ ያሳልፋታል። አንዳንዴ «ቀጭ» ይላል። መርፌ ተሰበረ።

መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ቆሞ ማየት ያለበት ይህችን ሰዓት ነው። ሱቅ ውስጥ ሻጩ መኪናዋን የሚያሳየው በአንድ እጥፍ ፖፕሊን ላይ ነው፤ አንድ እጥፍ ፖፕሊን መስፋት የማትችል መኪና ደግሞ የለችም።

ለቤቷ መኪና የምትፈልግ ሴት ሐሳቧ አንድ ብቻ አይደለም። የልጆቿን ዩኒፎርም ትጠግናለች፣ መጋረጃ ትሰፋለች፤ አለፍ ሲል ከቁርጥራጭ ጨርቅ ድርብ የአልጋ ልብስ ሠርታ መሸጥ ያምራታል። ድርቡ ሦስት ነገር ነው፦ ከላይ ፊቱ፣ ከመሐል ጥጥ ወይም ስፖንጅ፣ ከሥር ገበሩ። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ከዳር እስከ ዳር በስፌት ይያያዛሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህ ሥራ የራሱ መኪና፣ የራሱ ሱቅ፣ የራሱ ኤግዚቢሽን አለው። በወረታ ግን አንዲት መኪና ናት ቀሚሱንም ዩኒፎርሙንም የአልጋ ልብሱንም የምትችለው። ስለዚህ ምርጫው ከቀላሉ ሳይሆን ከከባዱ ሥራ መጀመር አለበት።

ከመኪና በፊት የነበረው ድርብ

ሥራው ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የጣና ዙሪያ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው፤ ሜዳው ቀን ቀን ይሞቃል። ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ በጽድና በወይራ ደን ወደተሸፈነው ጣራ ገዳም ሲወጣ፣ ይልቁንም ወደ ደብረ ታቦርና ከ4000 ሜትር በላይ ወደሚነሳው ጉና ሲጠጋ ግን የሌሊቱ ብርድ ሌላ ነው። ጋቢና ባና ያለው ይደርባል። የሌለው ያረጀውን አይጥልም። ያለቀ ጋቢ፣ የተቀደደ ኩታ፣ የነተበ አቡጀዲ ተነባብሮ በወፍራም ክር ይሰፋል፤ ሲቀደድ ሌላ እራፊ ይለጠፍበታል፣ በዓመቱ ደግሞ ሌላ። ድሪቶ እንዲህ እየወፈረ ይሄዳል። የቆሎ ተማሪውም፣ መንኖ የወጣውም፣ ልጆቿን ከአንድ መደብ ላይ የምታስተኛውም ያውቁታል።

የአዲስ ዘመን አዛውንት እናቶች ስለ ድሪቶ ሲጠየቁ መጀመሪያ ይስቃሉ። «ድሪቶ ለብሶ ሰው ፊት መውጣት ነውር ነበር» ይላሉ፤ «ሌሊት ግን ማን ያየዋል? ያሞቃል።» ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግተው፣ ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር እያወጡ በእጅ ይሰፉት እንደነበርም ያስረዳሉ። ከመሐል ወደ ዳር የመስፋቱ ነገር ተራ ልማድ አይደለም። የዛሬ የስፌት መኪና መምህራን የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው፤ ከዳር የጀመረ ሰው ትርፉ ጨርቅ መሐል ላይ ይከማችበትና ይጨማደድበታል።

የድኻ ድርብ በየአገሩ አለ። በቤንጋል ያረጀ ሳሪ ተነባብሮ ካንታ የሚሉት ይሰፋል። በሰሜን ጃፓን ገበሬዎች ሰማያዊ እራፊ በእራፊ ላይ እየደረቡ ያወርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ያቃጠሉት ደርቡሾች ይለብሱት የነበረው ልጥፍ ያለበት ጂባ መጀመሪያ ዓለምን የመናቅ ምልክት ነበር፤ በኋላ የሠራዊቱ መለዮ ሆነ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር በባርነት ከኖሩ ሰዎች የተወለዱ ጥቁር ሴቶች ከእርሻ ሱሪና ከሸሚዝ እራፊ የሰፏቸው የአልጋ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታይተዋል። ብርድ ለመከላከል የተሠራ ነገር እንደ ሥዕል ሲታይ ዋጋውም አብሮ ይለወጣል። የወረታ ወጣቶች በስልካቸው የሚያዩት የአልጋ ልብስ ከዚህ ወገን ነው፤ እናቶቻቸው በመደብ ላይ የደበቁት ሰው ተሽቀዳድሞ ሲገዛው ያያሉ።

> «ሱቅ ውስጥ ሁሉም መኪና ይሰፋል። አንተ ወፍራሙን ይዘህ ሂድ።»

መርፌዋ ስትወርድ

መኪናዋ እንዴት እንደምትሰፋ ያወቀ ሰው ሻጭ አያታልለውም። የላይኛው ክር በመርፌዋ ጫፍ አጠገብ ባለው ቀዳዳ ያልፋል። መርፌዋ ጨርቁን በስታ ወርዳ ትንሽ መለስ ስትል ክሩ ከሥር ቀለበት ይሠራል። ያን ቀለበት ከታች የምትዞረው መንቆር ትይዘውና በታችኛው ክር ጥቅል ዙሪያ ታሳልፈዋለች። ሁለቱ ክሮች ይቆላለፋሉ፤ ቁልፉ ደግሞ ከጨርቁ መሐል መዋል አለበት። ከላይ ከታየ የላይኛው ክር ጠብቋል፣ ከሥር ቀለበት ቀለበት ከሆነ ላልቷል። በሦስት ድርብ ላይ ቁልፉ ጥጡ ውስጥ ይደበቃል፤ ስለዚህ በቀጭን ጨርቅ ላይ የተስተካከለ መወጠሪያ በወፍራም ላይ ሲመጣ እንደገና መስተካከል ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጣጣ መሳቡ ላይ ነው። ጨርቁን ወደ ኋላ የሚጎትቱት ከሥር ያሉት ጥርሶች ናቸው። ከላይ ያለው እግር ይጫናል እንጂ አይጎትትም። ሁለት ቀጭን ጨርቅ አብረው ይሄዳሉ። በጥጥ የተነፋ ድርብ ግን ገበሩ ይቀድማል፣ ፊቱ እየተገፋ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰፊው ከጫፍ ሲደርስ ፊቱ በሁለት ጣት ተርፎት ያገኘዋል። ከላይም ጥርስ ያለው፣ እየተነሳ የሚራመድ እግር የተሠራው ለዚሁ ነው። በቤት መኪና ላይ ለብቻው ተገዝቶ የሚገጠም አለ፤ ወንበርና ቦርሳ በሚሰፉ ከባድ መኪናዎች ላይ ግን አብሮ ይመጣል። ይህ የሌለው ሰው እግሩ የሚጫንበትን ሞላ ያላላል፣ ስፌቱን ወደ ሦስትና አራት ሚሊ ሜትር ያረዝማል፣ ድርቡንም አስቀድሞ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ያያይዛል። የወረታ ሰፊዎች ይህን ያለ አስተማሪ ደርሰውበታል። ስፖንጅ ሲሰፉ ደግሞ እግሩ እንዳይጣበቅ ወረቀት ያነጥፉና ሲጨርሱ ይቀዱታል።

ሦስተኛው ነገር መርፌዋ ራሷ ናት። በመርፌ ላይ የተጻፈው 90 ወይም 100 ውፍረቷ በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 100 ማለት ድፍን አንድ ሚሊ ሜትር። ለሸሚዝ በ80 የሚሠራ ሰው በዚያው መርፌ ሦስት ድርብ ሲገባ ነው ያ «ቀጭ» የሚመጣው። መኪናዋን የሚያማርር ሰው ብዙ ጊዜ ያልቀየረው መርፌውን ነው።

ጥቁሯ ብረት

በፎገራ ሜዳ «መኪና» ሲባል በሰው ዓይን የምትመጣው ጥቁሯ ናት፤ በወርቅ ቀለም ያጌጠች፣ የብረት እግር ያላት፣ በፔዳል የምትረገጥ። ብዙ ሰው የየትኛውም ፋብሪካ ብትሆን «ሲንጀር» ይላታል። ስሟን ያወጣው አሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር የመጀመሪያው ፈልሳፊ አልነበረም። ኤልያስ ሀው እ.ኤ.አ. በ1846 የሁለት ክር ቁልፉን በስሙ አስመዝግቦ ነበር። ከዚያም በፊት ፈረንሳዊው ቲሞኒየ በመኪና የወታደር ልብስ መስፋት ሲጀምር የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች እንጀራችን ሊዘጋ ነው ብለው መኪናዎቹን ሰባብረውበታል። ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1851 የራሱን አስመዘገበ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ድርጅቱ ከመኪናዋ የማያንስ ነገር ፈጠረ። መኪና በየወሩ እየተከፈለ በዱቤ መሸጥ ጀመረ። መኪናዋ የዓለምን ቤት ሁሉ የገባችው በዚህ መንገድ ነው። ማሽን የሚባል ነገር የማይወደው ጋንዲ እንኳ ከጥቂቶቹ ጠቃሚ ፈጠራዎች ይቆጥራት ነበር። በምኒልክ ዘመን ኢትዮጵያም ደርሳለች።

የዛሬዎቹ ጥቁር መኪናዎች አብዛኞቹ የዚያን ዘመን ንድፍ የቀዱ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች ቀዱት፣ ቀጥሎ የሻንጋይ ፋብሪካዎች ቢራቢሮ ምልክት አድርገው በብዛት አወጡት። በማኦ ዘመን ቻይና የሚያገባ ወንድ እንዲያሟላ የሚጠበቅበት ሰዓት፣ ብስክሌትና ሬዲዮ ሲቆጠሩ የስፌት መኪናም አብራቸው ነበረች። የንድፉ አለመለወጥ ለገዢ ሲሳይ ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ መንቆርና የታች ጥቅል ሌላው ላይ ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

ለወፍራም ጨርቅ ጥቁሯ ብረት ምን ታደርጋለች? አካሏ ብረት፣ የሚያያይዙት ዘንጎቿም ብረት ናቸው። የምትሰፋው ቀጥ ያለውን ብቻ ነው፤ መርፌዋ ወደ ጎን ስለማትሄድ የምትወርድበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ጨርቁም አብሮ አይሰምጥም። መብራት አትፈልግም። በወረታ ወፍጮው ሲነሳ አምፖሉ እንደሚደክም የሚያውቅ ሰው ይህ ስንት እንደሚያወጣ አይጠፋውም። ፍጥነቱ በእግር ስለሆነ ከባድ ቦታ ላይ ሲደረስ አንድ አንድ ስፌት ማሳለፍ ይቻላል፤ የመዘውሩ ክብደት ራሱ ይገፋል። ጉድለቷ ዚግዛግና የቁልፍ ቀዳዳ አለማወቋ ነው፤ ጨርቅ ጫፉ እንዳይተረተር ሌላ ቦታ ወስዶ ኦቨርሎክ ማስመታት ይጠይቃል። ቦታም ትይዛለች።

ሃያ ዓይነት ስፌት

በሌላው ወገን ነጯ አለች። ፕላስቲክ፣ ቀላል፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ ግንባሯ ላይ ሃያና ሠላሳ ዓይነት ስፌት የተሳለባት። ከባሕር ዳር ወይም ከመርካቶ በካርቶን ትመጣለች፤ ክብደቷ ስድስት ሰባት ኪሎ ስለሆነ ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ያመጣታል። ለመጋረጃ፣ ለቀሚስ፣ ለልጅ ልብስ ጥሩ ናት፤ ዚግዛጓ ብቻ ኦቨርሎክ ቤት ከመመላለስ ያድናል። የገዙ ወጣት ሴቶች ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ሲጠየቁ ከሃያው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ እንደሚጠቀሙ ይናገራሉ። ቀሪው የሥዕል ማስጌጫ ሆኖ ይቀራል።

ወፍራም ላይ ስትገባ የሚያስቸግራት ሞተሯ ነው። የብዙዎቹ ከ100 ዋት አይበልጥም፤ ከውስጥም በርካሾቹ ላይ አንዳንድ ጥርስ ያለው ጎማ ፕላስቲክ ነው። መርፌዋ ጥጥ ውስጥ ተይዛ እግር ፔዳሉን ጨክኖ ሲረግጥ የሚለቀው ያ ጥርስ ነው። ሲለቅ ደግሞ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስቀርጾ ማስገጠም ቀላል አይደለም።

ከአሜሪካ የመጣች ከሆነ ሌላ ጉድ አለ። የአሜሪካ መብራት 110 እና 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ከዋሽንግተን በስጦታ የመጣች መኪና ሰኪያው በአስማሚ ስለገባ ብቻ ትሠራለች ማለት አይደለም፤ ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይገዙ የሰኩ ቤተሰቦች ጭሱን አይተው ነው የተረዱት። ከጀርባዋ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዘመድም ከመላኩ በፊት ከጀርባዋ ፎቶ አንስቶ ቢልክ ሁሉም ሰው ይድናል።

> ከመርፌዋ እስከ ግንዷ ያለው ክፍት በሰፋ ቁጥር ድርቡን መስፋት ይቀልላል፤ የስፌቱ ዓይነት ብዛት ግን ለድርቡ ምንም አይጨምርም።

ጁኪ ከሳሎን

ሦስተኛዋ የፋብሪካዋ ናት። ሰፊዎች በጅምላ «ጁኪ» ይሏታል፣ ምንም እንኳ የቻይና ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን በየስማቸው ቢያወጡም። የራሷ ጠረጴዛ፣ የራሷ ሞተር አላት። በደቂቃ እስከ 5000 ስፌት ታወጣለች፤ የቤት መኪና 1000 ከደረሰች ሮጠች ይባላል። እግሯ በጉልበት ስለሚነሳ እጅ ከጨርቁ አይለይም። ከሥሯ ዘይት የሚቀመጥበት ገንዳ አለ፤ ያ ከጎደለ በጥቂት ጊዜ ትነክሳለች። መርፌዋም ግንዷ ክብ ነው፤ የቤት መኪና መርፌ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። አንዱን ሌላው ላይ ለመግጠም የሚታገል ሰው በየገበያው አይጠፋም።

ለቤት ትሆናለች? ሥራው ትዕዛዝ ከሆነ ትሆናለች። ድሮ የነበሩት ሞተሮች መኪናዋ ቆማም ይዞራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ቆጣሪ ያስሮጣሉ። ሰርቮ የሚባለው የአሁኑ ሞተር ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ይነሳል፣ ፍጥነቱም ይገደባል። አንድ ክፍል ውስጥ ከሚተኛ ሕፃን ጋር የምትሰፋ እናት ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሆኖም ተራዋ ጁኪ ለሸሚዝና ለሱሪ ለፍጥነት የተሠራች ናት፤ ለወፍራም ድርብ ሲሆን ከላይም ከታችም የምትጎትተው ወገን ይሻላል፣ እሷ ደግሞ ውድ ናት።

ከመርፌ እስከ ግንድ

ስለ መኪና ሲወራ ጥቂት ሰው የሚለካው አንድ ነገር አለ፤ ከመርፌዋ በስተቀኝ እስከ መኪናዋ ግንድ ያለው ክፍት። በቤት መኪና፣ ጥቁሯም ነጯም፣ ይህ ክፍት ብዙ ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በፋብሪካዋ ከ25 ያልፋል። ለድርብ ብቻ ተብለው በሚሠሩት የውጭ አገር ረጅም ክንድ መኪናዎች ደግሞ ከ45 ይጀምርና ከ60 ያልፋል፤ እነሱ ላይ ጨርቁ በትልቅ ማዕቀፍ ተወጥሮ ይቆማል፣ የምትንቀሳቀሰው መኪናዋ ናት። ማዕቀፉ ብቻ አንድ የወረታ ኪራይ ክፍል ይሞላል።

የሁለት ሰው አልጋ ልብስ መሐሉን ለመስፋት ግማሹ በዚያ ጠባብ ክፍት ውስጥ ተጠቅልሎ ማለፍ አለበት። ጥጡ በወፈረ ቁጥር ጥቅሉ ይወፍራል፤ እጅና ትከሻ ይደክማል፣ ስፌቱ ይጣመማል። መፍትሔው ግዢ ላይ ብቻ አይደለም። ልምድ ያላቸው ድርቡን በአራት ወይም በስድስት ቁራጭ ከፍለው ለየብቻ ይሰፉታል፣ በመጨረሻ ያጋጥሙታል። አንዳንዶች ከመኪናዋ በግራና በኋላ ጠረጴዛ አስጠግተው ክብደቱን ያሳርፉበታል፤ ጨርቁ ከዳር ሲንጠለጠል መርፌዋን ስለሚያጎብጣት ይህ ከማማር በላይ ነው።

ከዚህ በላይ የአገራችን ሰው ያለው ሀብት ጥልፉ ነው። በሐበሻ ቀሚስ ላይ የመኪና ጥልፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ በጎንደርም በሽሮ ሜዳም፣ ጥርሱን አውርደው ወይም ሸፍነው፣ ጨርቁን በክብ ማዕቀፍ ወጥረው መስቀሉንና ሐረጉን በእጃቸው እየነዱ ይስላሉ። ውጭ አገር ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚማሩት ድርብ ላይ አበባና ቅጠል እየነዱ የመስፋት ጥበብ ከዚህ የተለየ አይደለም። አንድ የቀሚስ ጠላፊ ድርብ ለመስፋት የሚጎድለው ችሎታ የለም፤ የሚጎድለው እግሯ ከፍ የምትል መኪናና ከመርፌዋ በስተቀኝ ሰፋ ያለ ክፍት ነው። ጉዳዩ የገበያ ይመስላል እንጂ የሙያ አይደለም፤ የቀሚሱ ደንበኛ አለ፣ የአልጋ ልብሱ ደንበኛ ገና እየተፈለገ ነው።

በቤተ ክህነት በኩል ግን ደንበኛው ጥንትም ነበር። ካባው ከፋይ ፊትና ገበር አለው፣ የታቦት ጥላው በወርቃማ ክር ዘርፍ ይታሰርበታል። እንዲህ ያለውን የሚሰፉ ሰዎች ስለ መኪና ምርጫ ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነው፦ እግሯ ስንት ትነሳለች? ከፋይ ሲጫኑት ፀጉሩ ስለሚተኛ ሞላውም በጣት እንዲላላ ይፈልጋሉ።

ጠጋኙ የት ነው?

«ጋሼ፣ ነጯ ትሻላለች ጥቁሯ?» ብላ አንዲት ወጣት ብትጠይቅ፣ የበረንዳው ሰፊ በጥያቄ ይመልሳል፦ «ስትበላሽ ማን ይሠራልሻል፣ እቱ?»

ይህ ጥያቄ ከዋጋው ይቀድማል። የጥቁሯን ዕቃ የሚያውቅ ጠጋኝ ካቻቢቴውንና የዘይት ጡሩንባውን ይዞ ከበረንዳ በረንዳ ይዞራል። ቺንጋዋ ሲላላ ያሳጥራል፣ የመወጠሪያዋ ሞላ ሲደክም ይቀይራል፣ ጊዜዋን የሳተችውን መንቆር መልሶ ያስተካክላል። የነጯ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ሲቃጠል ግን ቢያንስ ባሕር ዳር መውረድ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ስለነበረና የዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ትምህርት ስላለ በዚያች ከተማ መኪና የሚያውቅ እጅ ይገኛል።

የፎገራ አየር የራሱ ባሕርይ አለው። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ሩዝ እዚህ የበቀለው በዚሁ ውኃ ነው፣ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ካስጀመሩት ወዲህ ሜዳውን ሞልቶታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ጎርፍ ግን ቤት ውስጥ ገብቶ ነበር። ጎርፍ ባይገባም እርጥበቱ ለብረት አይበጅም። ከግድግዳ ራቅ ያለች፣ በጨርቅ የተሸፈነች መኪና ክረምቱን ትወጣለች። ዘይቷ ደግሞ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን። ቤት ውስጥ ያለውን የኑግ ዘይት ጠብ የሚያደርግባት ሰው በወሩ ታስራ ያገኛታል፤ የኑግ ዘይት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ጠጋኙ በነጭ ጋዝ አጥቦ ሲፈታት የሚከፈለው ከአንድ ብልቃጥ ትክክለኛ ዘይት በላይ ነው። ጥጥ የሚሰፋ ሰው በተጨማሪ ከጥርሱ ሥር የሚከማቸውን ብናኝ በየጊዜው በብሩሽ ይጥረገው፤ ብናኙ ዘይቱን ይጠጣና ጥርሱ በደንብ እንዳይስብ ያደርጋል።

> «ስትበላሽ ማን ይሠራልሻል?»

አሮጌ መግዛት ከአዲስ የማይተናነስበት ጊዜ አለ። አሮጌዋን የሚያይ ሰው ቺንጋዋን አውልቆ መዘውሩን በጣቱ ያዙር፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከከበደች ዘንጓ ጎብጧል ወይም ዝጓል። ክር ሳያስገባ ወረቀት ላይ ያስኪዳት፤ ቀዳዳዎቹ እኩል ርቀት ካልሆኑ ጥርሱ አልቋል። መርፌዋ የምትወርድበትን ብረት በጥፍሩ ይዳስስ፤ ከተፋቀ ክር ይቆርጣል። ገልብጦም ከሥር ይያት። ከላይ ቀለም የተቀባች አሮጌ ከሥር ዝገቷን አትደብቅም።

ገንዘቡ ከየት?

ስፌት በእኛ አገር ለረጅም ጊዜ የወንድ ሥራ ነበር፤ ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ይሸምናል፣ ወንዱ ይሰፋል። መኪናዋ ከበረንዳ ወደ መኖሪያ ቤት ስትገባ ሥራውም ወደ ሴቷ እጅ ይሻገራል፣ የብድሩና የዕቁቡ ጉዳይም አብሮ። የወረታ ሴቶች መኪና የሚገዙበት የተለመደው መንገድ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው የደረሳት ቀን ቀጥታ ወደ ባሕር ዳር። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የነበረውና አሁን ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም ያበደራቸውም አሉ። ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1856 የጀመረው በየወሩ የመክፈል ስምምነት በአንዳንድ ሱቆች በቃል ይደረጋል፣ ግን ሻጩ ገዢዋን ሊያውቃት ይገባል።

ገንዘቡ ሲቆረጥ ለመኪናዋ ብቻ መቆረጥ የለበትም። ጥቂቱ ለመለዋወጫ ይቀራል፦ 90 እና 100 ቁጥር መርፌ፣ ተጨማሪ የታች ጥቅሎች፣ አንድ ቺንጋ፣ ዘይት። የሚራመደው እግር ለገዛችው መኪና የሚገጥም ከሆነ እዚያው ይገዛ፤ ወረታ ተመልሶ መፈለግ ሌላ የትራንስፖርት ገንዘብ ነው። ዕጣ ወጥቶላት ባሕር ዳር የምትሄድ ሴት ከቤቷ ስትነሳ ከቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ስንዝር ጋቢ፣ አንድ እፍኝ ባዘቶና ያንኑ ያህል አቡጀዲ ትያዝ። ሻጩ ፖፕሊኑን ሲዘረጋ «ይቅርታ፣ በዚህኛው ያሳዩኝ» ትበል፣ አጥፋ አራት እጥፍ ታድርገው፣ እግሩ ሥር ይገባ እንደሆነ ታይ፣ ከዚያ በራሷ እግር ትርገጥ። ከጨረሰች በኋላ ገልብጣ ከሥር ያለውን ስፌት ትመልከት። ሻጩ «መርፌዋ ትሰበርብኛለች» ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ትለፍ።